የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ፦ የወንጀል ፍትሕን በኮሌጅ ደረጃ ስለማስተማር፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያልመጣለት ወጣት መካኒክነትን፣ ኤሌክትሪክን፣ የግንባታ ሙያን፣ የሒሳብ ሥራን ወይም ኮምፒዩተርን የሚማርበት ኮሌጅ ሩቅ ሳይሄድ ያገኛል። በዚያው ክፍለ ከተማ ፖሊስ መምሪያና በሥሩ ያሉ ጣቢያዎች፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎትም አሉ። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች በየዕለቱ አቤቱታ ይመዘገባል፣ የምስክር ቃል ይጻፋል፣ ኤግዚቢት ርክክብ ይደረጋል፣ ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቃል፣ መዝገብ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል። ይህን ሥራ እንደ ሙያ ለመማር ግን ወጣቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ የሕግ ዲግሪ፣ ወይ የፖሊስ መለዮ። በሌላ አገር በማኅበረሰብ ኮሌጅ ለሁለት ዓመት የሚሰጠው የወንጀል ፍትሕ ትምህርት እዚህ የተለመደ መንገድ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያን ክፍተት ነው። መነሻ ሐሳቡ፣ በወንጀል ጉዳይ የሰውን ነጻነት በብዛት የሚወስነው ወረቀት ፍርዱ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጻፈው ቃል ነው የሚል ነው። ያን ወረቀት የሚጽፈው ሰው በፍትሕ ሰንሰለቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ብዙውን ጊዜ በትምህርት ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ቢኖር የሕግ ፋኩልቲው ትምህርት አጭር ቅጂ መሆን የለበትም፤ ማዕከሉ ሊሆን የሚገባው የጽሑፍና የሰዓት ትምህርት ነው።

ሦስቱ በሮች

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ነው። ታላላቆቹ ሕጎች ያኔ ትኩስ ነበሩ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ወጥተዋል። መሠረታዊውን የወንጀል ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የእንግሊዛዊው የሰር ቻርልስ ማቲው እጅ አለበት። በዚህም የተነሣ የአገሪቱ የወንጀል ፍትሕ አንድ እግሩን በአውሮፓ የተጻፈ ሕግ፣ ሌላውን በእንግሊዝ የችሎት ልማድ ላይ አሳርፎ ቆመ። ፋኩልቲው ከመደበኛው የዲግሪ ትምህርት ጎን ለጎን ለመንግሥት ሠራተኞች በማታ የሰርተፊኬትና የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ቀን ጣቢያ ወይም መዝገብ ቤት ውሎ ማታ ሕግ የሚማረው ያ ሠራተኛ፣ ዛሬ በሌላ አገር የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማሪ ከሚባለው ሰው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ መደበኛውን ዲግሪ አምስት ዓመት አደረገው። ዳኝነትና ዐቃቤ ሕግነትም የዲግሪ ሙያ እየሆኑ ሲሄዱ መካከለኛው ዲፕሎማ ቦታውን አጣ። ማሻሻያው ለላይኛው ወንበር ጥሩ ነበር፤ ለታችኛው ጠረጴዛ ግን ምትክ አላበጀም።

ሁለተኛው በር የፖሊስ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከተቋቋመው ከአባዲና ጀምሮ ዛሬ በሰንዳፋ እስከሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይህ መስመር የሚቀበለው መለዮ የሚለብሰውን ነው። ለፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣ ለማረሚያ ቤት መዝገብ ያዥ፣ ለነጻ የሕግ ድጋፍ ሠራተኛ ወይም ለክፍለ ከተማ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ተብሎ የተከፈተ አይደለም። የፌዴራል የፍትሕና የሕግ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ሥልጠናም በዋናነት ወደ ዳኝነትና ወደ ዐቃቤ ሕግነት የሚገቡትንና በሥራው ላይ ያሉትን የሚመለከት ነው።

ሦስተኛው በር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክን የመሰሉ ኮሌጆች የሚታወቁት በቴክኒክ ሙያዎች ነው። ይሁንና የአሠራራቸው ቅርጽ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ሙያው በደረጃ ይከፈላል፤ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በተግባር ላይ ያሳልፋል፤ ከድርጅት ጋር በሚደረግ የትብብር ሥልጠና ይለማመዳል፤ በመጨረሻም ካስተማረው ተቋም ውጭ ባለ አካል የብቃት ምዘና ይቀመጣል። ብየዳን በዚህ መንገድ ማስተማር ከተቻለ ቃል መቀበልን ማስተማር የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሁለቱም ስህተቱ ወዲያው የማይታይ፣ ሸክም ሲያርፍበት ግን የሚሰነጠቅ ሥራ ነው።

ሁሉም ያውቀው የነበረ ሥርዓት

ወደ ዛሬው ጣቢያ ከመግባት በፊት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። በቀድሞው ዘመን የወንጀል ሥነ ሥርዓት የባለሙያ እውቀት ብቻ አልነበረም። መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ የተጮኸበት ሰው ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ ወይም አንዱ ዋስ ሲጠራ፣ ሥርዓቱ በአደባባይ የሚታይ ትምህርት ነበር። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢ አውጫጭኝ ይባላል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በሰው ፊት ይናገራል፤ የተሳሳተ ቃል ካለ የሚያርመው ጎረቤት እዚያው ተቀምጧል።

ይህን ማንሣት ያለፈውን ለማስናፈቅ አይደለም። አፈርሳታ ሕዝቡን ከሥራው አግዶ የሚያውል፣ ሐሜትን ከማስረጃ ጋር የሚያደባልቅና ጠላት ያለውን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥርዓት ነበር። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ያ ቃል በብዙ ጆሮ ፊት የሚነገር በመሆኑ አንድ ጸሐፊ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰው እስክሪብቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ዐቃቤ ሕግም ዳኛም የሚጀምሩት ከዚያ ወረቀት ነው። የጆሮው ብዛት ሲቀር፣ የጸሐፊው ብቃት የዚያን ሁሉ ጆሮ ቦታ መተካት ነበረበት።

አንድ መዝገብ በጀሞ

ጉዳዩን በግልጽ ለማየት አንድ የታሰበ ምሳሌ ይወሰድ። ዓርብ ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት ስልኳን ታጣለች። ትጮኻለች። ተራ አስከባሪዎች አንድ ወጣት አሳድደው ይይዛሉ፤ ስልኩ አጠገቡ መሬት ላይ ይገኛል። ሌሎች ሁለት ልጆች ሮጠው አመለጡ የሚል ሰውም አለ። ወጣቱ ጣቢያ ሲደርስና ሲመዘገብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሰዓት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከዚህ ስሌት ውጭ የሚሆነው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 29 ይኸንኑ የ48 ሰዓት ወሰን ቢያስቀምጥም፣ የአካባቢው ሁኔታና መገናኛ የሚያስከትለውን መዘግየት ይታገሥ ነበር። ሕጉ የወጣው ከወረዳ ወደ ወረዳ በበቅሎ የሚኬድባት አገር ታስባ ነውና ይህ አያስገርምም። ከጀሞ ወደ ምድብ ችሎቱ ግን የሚኬደው በዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ቢዘጋ እንኳ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በምሳሌው ጊዜው የሚያበቃው እሑድ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው ወይስ 3 ሰዓት? መልሱ «ተያዘ» የሚለው ቃል ተራ አስከባሪዎቹ እጁን የያዙበትን ቅጽበት ወይም ጣቢያ የተመዘገበበትን ሰዓት በማመልከቱ ላይ ይመሠረታል። በዚህ ላይ መከራከር የሚቻለው ግን ሁለቱም ሰዓታት ከተጻፉ ብቻ ነው። ጸሐፊው «ዓርብ ማታ» ብሎ ካለፈው ክርክሩ ገና ሳይጀመር አልቋል። እሑድ መሆኑም ምክንያት አይሆንም፤ ተረኛ ችሎት የሚቆመው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው የግስ ጥያቄ ነው፤ ይህም በአማርኛ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ሴቲቱ «ስልኬን ነጠቀኝ» አለች እንበል። መንጠቅ በዕለት ተዕለት ንግግር በፍጥነት መውሰድንም፣ ታግሎ መውሰድንም ይሸፍናል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። ኃይል ሳይጠቀም የወሰደ በአንቀጽ 665 ስርቆት ይጠየቃል፤ ቅጣቱም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከቀላል እስራት ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። የሰው አካል ላይ ኃይል ተጠቅሞ ወይም በከባድ ሁኔታ አስፈራርቶ የወሰደ ወደ አንቀጽ 670 ውንብድና ይሻገራል። ኃይሉ በቡድን ተጨምሮበት ከሆነ አንቀጽ 671 ይነሣል፤ በዚያ ቅጣቱ ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እንግዲህ መርማሪው ሳይጠይቅ «ነጠቀኝ»ን «በኃይል ቀማኝ» ብሎ ቢያስውበው፣ «ሌሎች ልጆችም ሮጡ» የሚለውን «ከግብረ አበሮቹ ጋር በመሆን» ብሎ ቢጽፈው፣ ማንም ሐሰት ሳይናገር ጉዳዩ ሁለት ደረጃ ከብዷል፤ የዋስትናው ክርክርም አብሮ ከብዷል። ትክክለኛው ሥራ አንድ ጥያቄ መጨመር ብቻ ነበር፦ «እጅሽን ነካሽ? እንዴት?» መልሱም እንደተነገረ መጻፍ ነበረበት።

የተጠርጣሪው ቃል ደግሞ የባሰ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መርማሪው ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነግረው ያዛል፤ የተናገረውም ይመዘገባል። አንቀጽ 31 ማባበልንና ማስፈራራትን ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። በአሠራሩ ግን የተጠርጣሪው ቃል «እኔ» እያለ ሲጻፍ ቃላቱ ብዙውን ጊዜ የጸሐፊው ናቸው። የታክሲ ረዳት የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «የማይገባኝን ጥቅም ለማግኘት በማሰብ» ብሎ አይናገርም። ይህ ሐረግ የልጁ ሳይሆን የሕጉ አንቀጽ ልሳን ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የተነበበለት ሰው ቢፈርምበትም፣ የሐሳብ ክፍሉን የተናዘዘው እሱ ይሁን ጸሐፊው ከወረቀቱ መለየት አይቻልም። ብርቱ ተከላካይ ጠበቃ ይህን ችሎት ላይ ያነሣዋል። ብርቱ ጠበቃ ለሌለው ግን ወረቀቱ እንዳለ ይሄዳል።

በክፍለ ከተማው ሌላም የቋንቋ ነገር አለ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከኦሮሚያ ጋር የሚዋሰን፣ ከደቡብ ክልሎችም ለቀን ሥራ ብዙ ወጣቶች የሚመጡበት አካባቢ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ በአስቸኳይ እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 27 ደግሞ ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ የማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለትና አስተርጓሚው የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። «አማርኛ ይሰማል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በገበያ የሚበቃ አማርኛ ግን «ወሰድኩ»ንና «አነሣሁ»ን ለመለየት ላይበቃ ይችላል፤ ከመሬት የወደቀ ስልክ ያነሣ ሰውና ከእጅ የወሰደ ሰው ደግሞ በሕግ አንድ አይደሉም።

ዕድሜም እንዲሁ። የወንጀል ሕጉ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ሕፃን ተጠያቂ አያደርግም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ልዩ ሥርዓት አለው፤ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ደግሞ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት ለሌለው ልጅ ጸሐፊው በዓይኑ ገምቶ የሚሞላው ቁጥር ከእነዚህ መስመሮች አንዱን ያሻግረዋል። የተገመተ ዕድሜ «በግምት» ተብሎ ካልተጻፈ በቀጣዩ ገጽ የተረጋገጠ ሐቅ ይመስላል።

ስለ ኤግዚቢቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «አንድ ጥቁር ሳምሰንግ ስልክ» የሚለው መግለጫ በአዲስ አበባ ስንት ሺህ ስልክ ይገጥማል። የስልኩ አሥራ አምስት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ግን አንዱን ብቻ ይገልጻል። ይህን ቁጥር አንብቦ በርክክቡ ላይ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ችሎት ላይ «ይህ የእኔ ስልክ አይደለም» የተባለ እንደሆነ ግን የወራት ቀጠሮ ይፈጃል።

በምሳሌው ውስጥ ከባድ የሕግ ፍልስፍና የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። ይህን ሁሉ ለመሥራት አምስት ዓመት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መርማሪው የየዕለቱን ሥራ የሚያሰፍርበት የምርመራ ማስታወሻ እንዲይዝ ካዘዘ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ትእዛዝ አይደለም። ትእዛዙን በእጅ ልማድ የሚያሠርጽ ትምህርት ነው።

ከአሜሪካ የሚወሰደውና የሚተወው

የወንጀል ፍትሕ በኮሌጅ ደረጃ ሲነሣ አሜሪካን መጥቀስ የግድ ነው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች የሚማሩ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። በዚያ አገር ሐሳቡን ያስፋፉት የበርክሊ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ኦገስት ቮልመር ናቸው። በሳን ሆዜ የፖሊስ ትምህርት ፕሮግራም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ትምህርቱ በየኮሌጁ እንደ አሸን የፈላው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የወንጀል መቆጣጠሪያ ሕግ ፖሊሶች እንዲማሩ የፌዴራል ገንዘብ ሲመድብ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሎውረንስ ሸርማን የተዘጋጀው ስለ ፖሊሶች ከፍተኛ ትምህርት የተደረገ የአማካሪ ኮሚሽን ጥናት ውጤቱን አጥብቆ ተቸ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ጡረታ የወጡ ወይም በሥራ ላይ ያሉ ፖሊሶች የማሠልጠኛ ትምህርታቸውን የሚደግሙባቸው ክፍሎች ሆነው ነበር። ተማሪው የሚያወጣው የምስክር ወረቀት ደመወዝ ቢጨምርለትም፣ አእምሮው ከገባበት ብዙም አይርቅም።

ይህ ትችት ለአዲስ አበባ ከምስጋናው ይልቅ ይጠቅማል። እዚህም ፕሮግራም ሲከፈት መምህሩን ከጣቢያ ማምጣት ቀላሉ መንገድ ይሆናል፤ እሱ የሚያስተምረው ደግሞ ጣቢያው የሚሠራበትን ልማድ ነው፤ ያ ልማድ ግን ከላይ እንደታየው ሊታረም የሚገባው ነገር ነው። የኮሌጁ ትርፍ የሚገኘው መርማሪው፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ ሬጅስትራሩና የአማርኛ መምህሩ በአንድ ክፍል ሲያስተምሩ ነው። የአማርኛ መምህሩ በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ለአንዳንዱ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተነገረን ቃልና የተተረጎመን ቃል ለይቶ ማሳየት የእሱ ሙያ ነው።

ማን ይቀጥራል?

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የሥራ ነው። ፖሊስ አባሉን የሚመለምለውና የሚያሠለጥነው በራሱ ተቋም ነው። ዐቃቤ ሕግነት ዲግሪ ይጠይቃል። ማረሚያ ቤትም የራሱ መንገድ አለው። ታዲያ የኮሌጅ ምሩቁ ወረቀቱን ይዞ የት ይሄዳል? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ቀጣሪው ያልታወቀ ሥልጠና ለድሃ ቤተሰብ ልጅ የባከነ ሁለት ዓመት ነው።

ሆኖም መስኩ ከሚታሰበው ይሰፋል። ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ቤትና የሬጅስትራር ሠራተኞች ያስፈልጋቸዋል፤ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከጽሕፈትና ከቢሮ አስተዳደር ትምህርት ሲሆን የወንጀል ሥነ ሥርዓትን የሚማሩት በሥራ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠበቃ ያልሆኑ፣ ባለጉዳይን ተቀብለው ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች ድጋፍ ይፈልጋሉ። የኢንሹራንስ ኩባንያ የአደጋ ጉዳይ የሚመረምር ሠራተኛ፣ የባንክና የጥበቃ ድርጅት የክስተት ሪፖርት የሚጽፍ ተቆጣጣሪ፣ የክፍለ ከተማ ደንብ አስከባሪ፣ ሁሉም የሚጽፉት ወረቀት አንድ ቀን ችሎት ሊደርስ የሚችል ነው። ደንብ አስከባሪው በተለይ መጠቀስ አለበት። የደንብ መተላለፍ ጉዳዮች በከተማው ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር ናቸው፤ በመንገድ ዳር ቸርቻሪ ላይ የሚጻፈው አጭር ወረቀት ደግሞ የአንድ ቤተሰብን የሳምንት ገቢ ይወስናል። በመጨረሻም በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች አሉ፤ ድሃው ባለጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው «የሕግ ባለሙያ» እነሱን ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመር ያለበት ወጣቶችን በብዛት በመቀበል አይደለም፤ እነዚህን በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በማታ በማስተማር ነው። በ1956 የተጀመረው የማታ ዲፕሎማ ያገለገለው እንደዚህ ነበር፤ ተማሪው ሥራ ስላለው የቅጥር ጥያቄው አይነሣም። የጣቢያ ጸሐፊና የነጻ ሕግ ድጋፍ ሠራተኛ በአንድ ወንበር መቀመጣቸውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

የትብብር ሥልጠናው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መካኒክነት የሚማር ልጅ ጋራዥ ገብቶ መኪና ቢፈታ የሚጎዳው ቢበዛ መኪናው ነው። የወንጀል ፍትሕ የሚማር ልጅ ጣቢያ ገብቶ የተጠርጣሪን ቃል ቢሰማ የሰው ምስጢር ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ምናልባትም ተጠርጣሪው ጎረቤቱ ነው። በተለይ የሕፃናትና የወሲብ ጥቃት መዝገቦች ለተለማማጅ ክፍት ሊሆኑ አይገባም። ለዚህ የሚሻለው በግልጽ ችሎት መከታተልና በኮሌጁ ውስጥ በተዘጋጀ የማስመሰያ ጣቢያ መለማመድ ነው። ችሎት ለሕዝብ ክፍት መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በመርሕ ደረጃ ያረጋግጣል፤ ተማሪው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማስታወሻ ለመያዝ የማንንም ችሮታ አይሻም።

ምዘናውም ከዚሁ ይወጣል። ሁለት ሠልጣኞች በተለያየ ክፍል ሆነው ያንኑ አንድ «የግል ተበዳይ» ለየብቻ ቃል ይቀበሏታል፤ ንግግሯም በድምፅ ይቀዳል። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶችና ቅጂው ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ሠልጣኙ በራሱ ወረቀት ላይ እሷ ያላለችውን ቃል ሁሉ በቀይ ያሰምራል፤ ያለችውንና እሱ የዘለለውን በሰማያዊ ከኅዳጉ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ቃሉ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት በወረቀቱ ራስና ግርጌ መኖሩን ያጣራል። ቀዩ መስመር ስንት ቃል እንደሆነ ከተቆጠረ በኋላ፣ ከቀዮቹ ቃላት የትኞቹ ጉዳዩን ከአንቀጽ 665 ወደ 670 እንዳሻገሩ ይጠየቃል።